ርካሹ ሼድ አልተዋጠልኝም

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽን ግን በጣም ናፍቀሻታል።

የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ልከፍት ወደ ጅማ እመለሳለሁ ስትዪኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያገኘሽው ርካሽ ሼድ ግን አልተዋጠልኝም። በስልክ ተቻኩለን ስለነበር አላስረዳሁሽም። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ያስተማረ አባት አለሽና ትንሽ ታገሺኝ።

መሬት ለምን አንድ ቦታ ይወደዳል፣ ሌላ ቦታ ይረክሳል? እ.ኤ.አ. በ1826 ፎን ቱነን የሚባል ጀርመናዊ ባለርስት ይህን አሰበበት። አንድ ከተማ አለ፣ ዙሪያው አፈሩ እኩል ለም ነው ብሎ ተነሣ። ያኔ የመሬቱን ዋጋ የሚለየው ገበያ ድረስ የሚወጣው የማጓጓዣ ወጪ ነው። ወተትና አትክልት ቶሎ ስለሚበላሹ ከተማው አፍንጫ ሥር ይሆናሉ። ቀጥሎ ደን፤ ማገዶና ጣውላ ከባድ ነዋ። ከዚያ እህል። ከብት መጨረሻ ላይ ነው፣ በራሱ እግር ሄዶ ይሸጣል። የእኛን ቡና ደግሞ እይው፤ ከክብደቱ ዋጋው ስለሚበልጥ ሩቅ መንገድ ይችላል። በበቅሎ ዘመንም እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ደርሶ፣ ከዚያም አልፎ የሄደው ለዚህ ነው።

አሎንሶ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ከተማ አመጣው። መሃል ያለው ቦታ አብልጦ ለሚከፍል ይሄዳል። ዳር ያለው የሚረክሰው አከራዩ ቸር ሆኖ አይደለም። ከኪራይ የቆጠብሽውን ለባጃጅ፣ ለአይሱዙና ለባከነ ጊዜ ትከፍዪዋለሽ። እኛ አገር ነገሩ ትንሽ ይለያል። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኗል፣ ዛሬም በሊዝ ነው የሚያዘው፣ መሃል ላይ በድሮ ኪራይ የተያዘ የቀበሌ ቤትም አለ። ከግለሰብ ስትከራዪ ግን ያው ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ከኪራዩ በላይ ብቸኝነትሽ ነው። በቅርቡ እዚህ ከተማው ውስጥ እንጨት ሠሪዎቹ የተሰበሰቡበት ሰፈር ቆሜ ነበር። አንዱ ወጣት የዋንዛ ጣውላ ፒያላ በሚሉት መላጊያ ማሽን ላይ ሲያሳልፍ ምስማር ገጠመውና ቢላው ተሸረፈ። ማሽኑን አጠፋ፣ ጣውላውን ተሸክሞ ጎረቤት ገባ። እዚያ አስልጎ፣ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ቢላውን ደግሞ ከፊት ለፊት ያለው ሰው ሳለለት። ከሰዓት በኋላ የቁም ሳጥኑ በር ተገጥሞ አየሁት። አንቺ ባሰብሽው ቦታ ይህ ቢደርስ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተሽ ትውዪ ነበር።

አልፍሬድ ማርሻል የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1890 የጻፈው ይህንኑ ነው። አንድ ሙያ አንድ ሰፈር ሲሰበሰብ የሠለጠነ ሠራተኛ በቀላሉ ይገኛል። ሙጫውን፣ ማጠፊያውን፣ ቫርኒሹን የሚያቀርብ ነጋዴ ተከትሎ ይመጣል። ሙያውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ልጆቹ እያዩ ያድጋሉ። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው አንድ ብልህ ሰው ብቻውን ስለሠራው አይደለም። ተፎካካሪ መሃል መግባት እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። ግን ትዳር የሚይዝ ሰው አልጋ ሊገዛ ሲወጣ የት ይሄዳል? ብዙ አማርጦ፣ ተከራክሮ ወደሚገዛበት ነው የሚሄደው።

ሌላም አለ። መንገድ ሲሻሻል ለትንሽ ከተማ ሁሌ በጎ ይመስለናል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ፖል ክሩግማን እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳየው፣ የማጓጓዣ ዋጋ ሲወርድ ፋብሪካዎች ወደ ትልቁ ገበያ ተሰብስበው ከዚያ ሆነው ለትንሹ ከተማ ሊሸጡ ይችላሉ። የአዲስ አበባ ሶፋ ተጭኖ እዚህ የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ልጄ፣ እሱን ለብቻሽ አትችዪውም። እዚህ ያሉት ባለሙያዎች ተጠጋግተው ሲሠሩ ግን ይችሉታል፤ በዚህ ከልቤ አምናለሁ።

ሼዱን ጨርሶ ተዪው አልልሽም። ጣውላ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ እስኪደርቅም ወራት ይቆያል፤ ለእሱ ርካሹ ቦታ ይበቃል። መሥሪያውንና ማሳያውን ግን እንጨት ሠሪዎቹ ሰፈር አድርጊው፣ ጠባብም ቢሆን። ስትመጪ ሐሙስ አድርጊውና ገበያውን አብረን እንዙር። በፒያላ ለማስላግ በሜትር ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ የቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚጠይቅ ራስሽ ጠይቂ። እስከዚያ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍዪ፤ አከራዩ ካጣደፈሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ።

አባትሽ