የደመወዙ ጣሪያ እኩል፣ መርሐ ግብሩ አድሎኛ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በአውስትራሊያው የራግቢ ሊግ ውድድር በኤንአርኤል ክለቦቹን ያመጣጠናቸው የደመወዝ ጣሪያው (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ መክፈል የሚችለው ወሰን) ነው ሲባል መርሐ ግብሩ ይረሳል። ከ2023 ወዲህ 17 ክለቦች በ27 ሳምንት 24 ጊዜ ይጫወታሉ። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየሳምንቱ ቢያንስ አንዱ ያርፋል፤ ላረፈ እንዳሸነፈ ተቆጥሮ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ሁሉም 3 ጊዜ ስለሚያርፍ ሒሳቡ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ግን የደረጃ ሠንጠረዡ ያሳስታል።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። ተጋጣሚው 16፣ ጨዋታው 24፤ ስለዚህ ስምንቱን ሁለቴ፣ ስምንቱን አንዴ። ጠንካሮቹ ሁለቴ የደረሱት ክለብ ምን ይበል? የኩዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛቶች ምርጥ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ስቴት ኦፍ ኦሪጅን ደግሞ አለ፤ ረቡዕ ማታ ለኩዊንስላንድ ሲላተም ያመሸ ተጫዋች በዚያው ሳምንት መጨረሻ ለክለቡ ይፈለጋል። ብዙ ያስመረጠ ክለብ ዕረፍቱ እዚያ ሳምንት ላይ ካልዋለለት ተጎዳ። ድርብ ጨዋታዎቹ ባለፈው ዓመት ደረጃ ይደልደሉ፦ አራቱ ከላይኛው ግማሽ፣ አራቱ ከታችኛው።