ሰርጋችሁን ለሕንፃው ብላችሁ አታዘግዩት

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰርጋችሁን አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ እስኪያልቅ ለማቆየት እንዳሰባችሁ ጽፈሻል። «ያደግኩበት ቤተ ክርስቲያን ከፈረሰ አይቀር፣ በአዲሱ ይሁንልኝ» ብለሻል። ምኞትሽ ይገባኛል። እኔ ግን አትጠብቁ ነው የምልሽ። የሕንፃ ኮሚቴው ውስጥ ስላለሁ ነገሩን ከቅርብ አየዋለሁ፤ እስቲ ያለውን ልንገርሽ።

ቦታው በእጃችን ነው። የአፈር ምርመራውም ተጠናቋል። ይሄ ሥራ ከውጭ ለሚያየው ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ሰው ግድግዳ ሲቆም ማየት ነው የሚፈልገው። ነገር ግን ጠንካራው አፈር ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ካልታወቀ መሐንዲሱ መሠረቱን መወሰን አይችልም። መሠረቱ በጠለቀ ቁጥር ደግሞ ገንዘቡ ገና ከመሬት ሳይወጣ ያልቃል። አሁን አርክቴክቱ ሁለተኛውን ንድፍ እየሠራ ነው። ከዚያ የስትራክቸር፣ የመብራትና የውሃ ፕላኖች አሉ። ከዚያ የግንባታ ፈቃድ። ከዚያ ጨረታ። ገንዘቡም ቢሆን ቃል የተገባና ባንክ የገባ ተብሎ ሁለት ነው። የተስማማነው ባንክ በገባው ልክ ደረጃ በደረጃ ለመሥራት ነው፤ መጀመሪያ አዳራሹ፣ ቀጥሎ የልጆች ክፍሎችና ቢሮው። በዕዳ ተጀምሮ ግማሽ ላይ የቆመ ግንባታ ጉባኤን ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምናውቅ ማንም አልተቃወመም። እንግዲህ የሚያልቅበትን ቀን ቁርጥ አድርጎ የሚነግርሽ ሰው ካለ፣ ምኞቱን ነው የሚነግርሽ።

ጀርመን አገር ያለው የኮሎኝ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ ያለቀው በ1880 ነው። እኔን የሚደንቀኝ ሰዎቹ በመሃሉ ያደረጉት ነው። የምሥራቁ ክፍል እንዳለቀ እ.ኤ.አ. በ1322 ባረኩት፤ ባልተሠራው በኩል ጊዜያዊ ግድግዳ አቆሙና አምልኳቸውን ቀጠሉ። ያ ጊዜያዊ ግድግዳ ከ500 ዓመት በላይ ቆመ። ስንት ትውልድ እዚያ ጸልዮ አለፈ! የተጠናቀቀውን ያዩት የመጨረሻዎቹ ብቻ ናቸው።

አሁን ስላለንበት አዳራሽ ልንገርሽ፤ አንቺ አላየሽውም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፣ ለእሑድ የተከራየነው። መጀመሪያ ላይ ከብዶን ነበር። አንዳንዱ ሰው ቀረ። አረጋውያኑ ደግሞ መጡ፣ ግን ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር፤ የተጋቡበትን፣ ልጆቻቸውን ያቀረቡበትን ቤት ጥለው ነው የመጡት። አንዳንድ ወጣቶች ይሄን እንደ እምነት ማነስ ሲቆጥሩት ተናድጃለሁ። መጽሐፈ ዕዝራ ላይ የአዲሱ መቅደስ መሠረት ሲጣል የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ፤ የልቅሶውን ድምፅ ከእልልታው መለየት አልተቻለም ይላል። ያለቀሱትን የገሠጻቸው የለም። እኛም ዘንድ ሰው እያለቀሰም እየዘመረም እንዲገባ ተውነው፤ ቀስ በቀስ የቀሩትም ብዙዎቹ ተመለሱ።

ቅዳሜ ማታ ወንበር የሚደረድሩት ወጣቶች ናቸው። ወለሉ ላይ በባለቀለም ፕላስተር ምልክት አድርገዋል፤ ሰማያዊው የወንበር ረድፍ የሚጀምርበት፣ ቀዩ የስፒከር ገመድ የሚያልፍበት ነው። ከፊት በስተቀኝ ባዶ የተተወ አራት ማዕዘን አለ፣ በቢጫ። እሱ የዊልቸር ቦታ ነው። በድሮው ቤት ዊልቸር ኋላ በር ጋ ነበር የሚቆመው፤ መግቢያው ላይ ያሉት ደረጃዎችም ሰው ተሸክሞ ካላሻገረ አያሳልፉም ነበር። እዚህ ግን መሬቱ ደልዳላ ነው። ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ንድፉን ወደ አርክቴክቱ መለሰው፤ ደረጃዎቹ ቀርተው አዳራሹ ከመሬት እኩል ይሁን አልን። ሁለተኛ ንድፍ ያልኩሽ ይሄንን ነው።

ሌላም ተምረናል። ግድግዳው ልሙጥ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ ስብከቱ ኋላ ላሉት ተድበስብሶ ነበር የሚደርሳቸው። ወጣቶቹ ድምፁን ከመጨመር ይልቅ ቀነሱት፣ ስፒከሮቹን ወደ ሰው አቀረቡ፣ ኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉ። ለውጡን ሁሉም ሰው ሰማው። አዲሱ ቤት ላይ ጣሪያውና የኋላ ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ነገር እንዲሠራ አሁኑኑ ፕላኑ ውስጥ ገብቷል። ሲያልቅ ለማስተካከል ቢባል ስንት ወጪ ነበር!

እኔ የምወደው ግን ግቢውን ነው። የድሮው በር በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈት ስለነበር አምልኮ እንዳለቀ ሰው ይበተን ነበር። እዚህ በሩ ወደ ግቢ ነው የሚወጣው። ሰው ይቆማል፣ ይጨዋወታል፣ የታመመ ይጠያየቃል፤ ለዓመታት አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ስም የማይተዋወቁ ሰዎች ሲተዋወቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰፊ በረንዳ ጠየቅን፣ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው። ለእሱ ሲባል የቢሮው ስፋት ተቀነሰ፤ መጋቢውም «ይቀነስ» አሉ።

ልጆቹ ደግሞ እውነተኛ መማሪያ ክፍል አግኝተዋል። ድሮ በመጋረጃ በተከፈለ አንድ ክፍል ሦስት ቡድን ይማር እንደነበር አንቺም ታስታውሺዋለሽ። አሁን ካሉት ትንንሾቹ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አያውቁም። እነሱ ፊት «ቤተ ክርስቲያናችን ሲሠራ» እያልን ባወራን ቁጥር ያሉበት ከቤተ ክርስቲያን የማይቆጠር ይመስላቸዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም ቢሆኑ የራሳቸው ሕንፃ አልነበራቸውም። በአቂላና በጵርስቅላ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ጳውሎስ ኤፌሶን ላይ ከምኩራብ ሲወጣ የሄደው ጢራኖስ ወደሚባል ሰው ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል እዚያ አስተማረ። ሶርያ ውስጥ ዱራ ኤውሮፖስ በተባለ ጥንታዊ ከተማ የተገኘው የሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን መኖሪያ ቤት የነበረ ነው፤ በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው አዳራሽ አደረጉት።

በእኛም ዘመን ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ካቴድራሉን ጎዳው። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን በትልልቅ የካርቶን ቱቦዎችና በመርከብ ኮንቴይነሮች ጊዜያዊ ካቴድራል ነደፈላቸው። በ2013 ተከፈተ፤ 700 ያህል ሰው ይይዛል። የድሮው ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚለው ክርክር ዓመታት ሲፈጅ ሰዎቹ በካርቶኑ ቤት ያመልኩ ነበር።

አሁን ዋናውን ልበልሽ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪሽ አርጅተዋል። በምርኩዝ ነው የሚመጡት። በተገናኘን ቁጥር «ልጅቷ መቼ ነው?» ይሉኛል። ሕንፃው ሲያልቅ ብዬ ልመልስላቸው አልችልም። እናትሽና እኔም ብንሆን ዕድሜያችን እየሄደ ነው። ሕንፃው ይደርሳል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትገቡበታላችሁ። የሰርጋችሁን ቀን ግን ሊያዩት የሚጓጉ ሰዎች በሕይወት እያሉ ይሁን።

አዳራሹ መሃል መተላለፊያ የለውም ብለሽ እንዳታስቢ። ወጣቶቹን ጠይቄያቸው ረድፉን ለሁለት ከፍለው በአዲስ ፕላስተር ምልክት እናደርጋለን ብለዋል። መድረኩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የኋለኞቹ እንዲያዩ ከሥሩ ከፍ ማድረጊያ ይጨመርበታል። ትምህርት ቤቱ በፈተና ሳምንታት አዳራሹን ለራሱ ይፈልገዋል፤ ከእነሱ ውጭ ያሉትን ቅዳሜዎች ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከእጮኛሽና ከቤተሰቦቹ ጋር ተመካከሩና ሁለት ቀን ምረጡ፤ አንዱ ባይሆን ሌላው እንዲኖረን። አስተዳደሩ ጥያቄውን በደብዳቤ ስለሚፈልግ ወሩ ሳያልቅ መልስሽ ይድረሰኝ።

አባትሽ