ጉዳዩ፦ የምትሐት ትርኢት ቀንን ይመለከታል

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎቻችን በአዳራሻችን የምትሐት ትርኢት ያቀርባሉ። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ቤታችሁ ስለገባ አንዳንዶቻችሁ «ልጆቻችን ምን ሊማሩ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ድግምት፣ ጥንቆላ፣ መንፈስ መጥራት ወይም ሰውን ማፍዘዝ በጨዋታ መልክም ቢሆን አይፈቀድም። የሚቀርበው የእጅ ቅልጥፍና፣ ሒሳብና ሳይንስ ነው። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ሆነን አንድ ደንብ አውጥተናል፦ መድረክ ላይ የወጣ ተማሪ ሁሉ ካስደነቀን በኋላ እንዴት እንደሠራው ያስረዳል። የሙያው ሰዎች ምስጢራቸውን ይጠብቃሉ፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት ነን።

ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ከእናንተ አንዱን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ታስመርጣለች። 752 ቢመርጥ ግልባጩን 257ን ይቀንሳል፤ ያገኘውን 495 ከግልባጩ ከ594 ጋር ይደምራል። ድምሩ 1089 አስቀድሞ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አኃዝ ልዩነት ከ2 ካላነሰ በየትኛውም ቁጥር ውጤቱ ያው ነው፤ ምክንያቱን ራሷ በሰሌዳ ላይ ታሳያለች።

የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በባትሪ፣ በሚስማርና በመዳብ ሽቦ ኤሌክትሮማግኔት (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ ብረት የሚስብ ማግኔት) ሠርተው አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን እንዳትነሣ ያደርጋሉ። በ1856 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት ሮበር ኡደን የተባለውን ምትሐተኛ ወደ አልጄሪያ ልኮት ነበር። እርሱም ከመድረኩ ሥር በደበቀው ኤሌክትሮማግኔት ሣጥን እያጣበቀ ጉልበተኛ ሰው እንዳያነሣው አደረገ፤ ዓላማው የቅኝ ገዢው ኃይል እንዲፈራ ነበር። ያ ተመልካች የኤሌክትሮማግኔትን አሠራር ቢያውቅ ኖሮ ምን ያስፈራው ነበር? የዝግጅቱ ቁም ነገር ለእኔ ይህ ነው። ዛሬም በየገበያው «ቀይዋን ያየ» እያሉ በሦስት ካርታ ገንዘብ የሚበሉ፣ ጥቁር ወረቀት አጥበን ዶላር እናደርጋለን የሚሉ አሉ። ዓይን እንዴት እንደሚታለል በእጁ ሠርቶ ያየ ልጅ ለእንዲህ ያሉት በቀላሉ አይሸነፍም ብዬ አምናለሁ።

እሳት፣ ስለት፣ እንስሳትና የሚዋጥ ነገር የተከለከሉ ናቸው። ልዩ ልብስ እንዳትገዙ አደራ እላለሁ። ሲኒ፣ ሳንቲም፣ ክርና አሮጌ ጋዜጣ ይበቃሉ።

ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ልጃችሁ እንዲሳተፍ ካልፈለጋችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር በጽሑፍ አሳውቁ። ምክንያት አንጠይቅም፤ ውጤት ላይም አይታሰብም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ተቀምጣችሁ እዩለት፤ ሳንቲሟ ከእጁ ብትወድቅም «አወቅሁብህ» ለማለት አትቸኩሉ። በክፍል ውስጥ እጃቸውን ለማውጣት የሚፈሩ ልጆች ለዚህ ትርኢት ተመዝግበዋል፤ ድፍረታቸው ገና ለጋ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ እንድትመልሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር