ጥፋቱ የሠንጠረዡ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ አምድ ላይ «በድረ ገጽ ሥራ ሠንጠረዥ መጠቀም ይቁም» የሚል ምክር አነበብኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ጀማሪውን ያሳስታልና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በዚህ ጥፋት እኔም አለሁበት። ሥራ ስጀምር ሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) በየብሮውዘሩ የተለያየ መልክ ስለሚያወጣ ገጽ የምናቆመው በሠንጠረዥ፣ በኮድ ስሙ በቴብል፣ ነበር። ቴብል ውስጥ ቴብል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቴብል፤ ክፍተት ሲያስፈልግ ዓይን የማያያት ባለ አንድ ፒክስል ምስል እየለጠጡ መሙላት። አንዲት የቴብል መዝጊያ ታግ (የኮድ ምልክት) የረሳሁ ቀን የዚያን ጊዜው ብሮውዘር ኔትስኬፕ ገጹን ባዶ አድርጎ ያሳየኛል፤ ከዚያማ ሌሊቱን ሙሉ ፍለጋ ነው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ዓይነ ስውር የሆነ የሥራ ባልደረባዬ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጎን ያቀበለኝ ዕለት ነው። እኔ የሠራሁትን ገጽ በስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ከፈተው። «ሠንጠረዥ፣ 5 ረድፍ፣ 2 ዓምድ» አለ ድምፁ። በግራ ጽሑፉን፣ በቀኝ ማስታወቂያዎቹን ደርድሬያለሁ። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ደግሞ ሴሎቹ በኮዱ ውስጥ በተጻፉበት ተራ፣ ረድፍ በረድፍ ነው። የጽሑፉ አንደኛ አንቀጽ፣ ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው አንቀጽ፣ ሌላ ማስታወቂያ። «ይሄ የቤት ኪራይ ከታሪኩ ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። እየቀለደ መሆኑን የነቃሁት ቆይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ደንብ፣ ኤችቲኤምኤል 4.01፣ ራሱ ሠንጠረዥን ለገጽ አቀማመጥ ብቻ ብላችሁ አትጠቀሙበት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ገጽን ያለ ሠንጠረዥ በረድፍና በዓምድ የሚያቆመውን ሲኤስኤስ ግሪድን ስለሚያውቁ ሰበብ አልቀረልንም። እስከዚህ ከጸሐፊያችሁ ጋር ነኝ።

ግን አንዲት ወጣት ባልደረባችን «ቴብል ነውር ነው» ተብላ ስለተማረች፣ የሳምንቱን የሥልጠና ፕሮግራም በሙሉ በዲቭ፣ የራሱ ትርጉም በሌለው የኮድ ሳጥን፣ ሠርታ አመጣች። ሲያዩት ያምራል። ያው ወዳጄ ግን የሰማው «3፡00፣ ክፍል 4፣ ክፍል 2፣ ክፍል 4» ብቻ ነው። የትኛው የሰኞ፣ የትኛው የረቡዕ እንደሆነ በምን ይወቅ? ወደ ቴብል መለስነው፤ የቀኖቹንና የሰዓቶቹን ስም በቲኤች (በርዕስ ሴል) ጽፈን የየትኛው ረድፍ ወይም ዓምድ ርዕስ እንደሆኑ የሚናገር ስኮፕ ሰጠናቸው፣ ከላይ ካፕሽን (የሠንጠረዡን ርዕስ) አደረግንለት። አሁን የኮንትሮልና የኦልት ቁልፎችን ይዞ በቀስት ወደ ጎን ሲሄድ «ረቡዕ፣ ክፍል 4» ይለዋል። የፈጀብን ከምሳ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው፤ ሴሎቹን አፍርሼ አንዱን ከአንዱ ሥር ብደረድራቸው ትርጉሙ ይጠፋል? ከጠፋ ሠንጠረዥ ይገባዋል። ካልጠፋ በግሪድ ይሠራ፤ በስልክ ሲከፈትም አያስቸግርም።

ኢሜይል ለብቻው ነው። ከአውትሉክ 2007 (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ጀምሮ ነባሩ የዊንዶውስ አውትሉክ መልእክቱን የሚያሳየው በጽሑፍ ማቀናበሪያው በወርድ ሞተር ስለሆነ ግሪድ አይገባውም፤ እዚያ በቴብል መሥራት ግድ ይላል። ያኔ ቴብሉ ላይ ሮል ፕረዘንቴሽን («ይህ ለመልክ ብቻ ነው» የሚል የኮድ ምልክት) ማድረግ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ «ሠንጠረዥ፣ ሠንጠረዥ» እያለ አንባቢውን አያደክመውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ርዕሱ ላይ «ለገጽ አቀማመጥ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጨምራችሁ ብታርሙት ይበቃኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የድረ ገጽ ሠሪ