ለእማዬ፦ ስለ ኤንትሬው ድምፅ

ፍራንክፈርት

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ? የማታውን ጠብታ አደራ እንዳትረሺ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልሽ።

ባለፈው በስልክ "ይሄ የማታ ትምህርት ምንድነው የሚያስተምራችሁ?" ስትዪኝ "ፊልም" ብዬ አሳጥሬ ዘጋሁት። ከሥራ ደክሜ ገብቼ ነው እንጂ የምነግርሽ ብዙ ነበር። የዓመቱ ማጠቃለያ ሥራችን የአንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ መሥራት ነው፤ ሙሉውን ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ። ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። ካሜራ ከመንካታችን በፊት የታወቁ ፊልሞችን መክፈቻ ደጋግመን እንድናይ ታዘዝን። እያንዳንዱ ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የተቀረጸው ምስል፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት የሚያውቀውንና የተደበቀበትን በሠንጠረዥ እየጻፍን።

እኛ ግን ቸኮልን። ጨለማ መንገድ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰውዬ፣ ቢላ፣ የምትሮጥ ልጅ። ክፍል ውስጥ ሲታይ ማንም አልደነገጠም። መምህራችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፦ "ለማን ብለን ነው የምንፈራው?" ልጅቷን የሚያውቃት የለማ! ቤት ማን እንደሚጠብቃት እንኳ እኛ ራሳችን አላሰብንበትም። ያን ማታ ባቡር ውስጥ ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሠንጠረዡን ከልቤ የያዝኩት። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 በሠራው "ተች ኦፍ ኢቭል" መክፈቻ ላይ አንድ ሰው ቦምብ ሰዓት ሞልቶ ከመኪና ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይከታል። የመኪናው ሰዎች ሳያውቁ ተሳፍረው ይነዳሉ፣ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ የድንበሩን ከተማ እያቋረጠ ይከተላል። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እነሱ አያውቁም፤ ሆድሽን የሚያላውሰው ይኸው ነው። በ1975 የወጣው "ጆውስ" ደግሞ ሌሊት ባሕር የገባችውን ልጅ ከሥር ይጎትታታል እንጂ ሻርኩን አያሳይሽም። የተሠራው ሻርክ በጨው ውሃ እየተበላሸ ስላስቸገረ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ በአብዛኛው ፊልም ላይ ሳያሳየው ለመቅረጽ ተገዷል። ለፊልሙ የበጀው ግን ያው ብልሽት ነው።

ልቤን የነካው የዚሁ የጀርመን አገር ፊልም ነው። ፍሪትዝ ላንግ በ1931 የሠራው "ኤም" ይባላል፤ ለላንግ ድምፅ ያለው የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። ታሪኩ በርሊን ውስጥ ሕፃናት ስለሚገድል ሰው ነው፤ መክፈቻው ላይ ግን የምታዪው እናት ነው። ግቢ ውስጥ ልጆች ክብ ሠርተው ስለዚያው ገዳይ እየዘፈኑ ይቆጥራሉ። አንዲት ሴት ዘፈኑ አስጠልቷት ስትማረር፣ ልብስ የምታጥበው እናት 'እስከተሰሙ ድረስ አሉ ማለት ነው' የሚል መልስ ትሰጣታለች። ቀትር ይሆናል። እጇን አድርቃ ለልጇ ለኤልሲ ሳህን ታቀርባለች። ደረጃው ላይ የልጆች ኮቴ ሲሰማ ትወጣለች፤ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ደወሉ ይደወላል፤ መጽሔት አዟሪ ነው። ሰዓቱ ይሄዳል። ኤልሲ መንገድ ላይ ኳሷን የምታነጥርበት ማስታወቂያ፣ ገዳዩን ለጠቆመ 10,000 ማርክ ይሰጣል ይላል፤ እላዩ ላይ የሰው ጥላ ያርፋል። እናትየው ስሟን ትጣራለች። ባዶ ደረጃ። ልብስ የተሰጣበት ባዶ ክፍል። ያልተነካ ሳህን። ኳሷ ከቁጥቋጦ ተንከባላ ወጥታ ትቆማለች፣ ሰውዬው የገዛላት ፊኛ ሽቦ ላይ ተይዞ ይውለበለባል። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። በኋላ ላይ ደግሞ ሰውዬውን በፉጨቱ የሚለየው ፊኛውን የሸጠለት ዓይነ ስውር ነው።

እማዬ፣ ያንን ሳህን ሳይ ኮምቦልቻ ቤታችን ገባሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር፣ በ1984 ዓ.ም.። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአሰብ ጭኖ ይመጣል ከተባለበት ቀን ሁለት ሌሊት አልፎ ነበር። ስልክ የለ፣ ወሬ የሚያመጣ ሰው የለ። እራቱን አቅርበሽ፣ እንጀራው እንዳይደርቅ በሌላ ሳህን ከድነሽ ከምድጃው አጠገብ አኖርሽው። እኔ የተኛሁ መስዬ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ አይሻለሁ። ከባቲ በኩል ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና ገና ከሩቅ ይሰማል። ትንፋሽሽን ይዘሽ ታዳምጫለሽ። ማርሽ ሲቀይር ቀስ ብለሽ "አይደለም" ትያለሽ። ሌላው ይመጣል። "አይደለም።" ሰባት ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ ድንገት ተነስተሽ ፍሙን ማራገብ ጀመርሽ። እኔ ገና ምንም አልሰማሁም ነበር። ቆይቶ ነው የአባዬ የጭነት መኪና፣ የኤንትሬው፣ ድምፅ የመጣው።

ለጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው አንደኛው ማስታወሻ መያዙን ትቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ሰውዬውንም ቢላውንም ጣልነው። አሁን ያቀድነው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በረሃ መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በሩ ክፍት፣ ሹፌሩ የለም። ከዚያ ቤት ውስጥ የተከደነ ሳህን፣ ግድግዳው ላይ የሚያልፍ የመኪና መብራት፣ በቀዳዳ የምታይ ልጅ። ሴትዮዋ መኪና በመጣ ቁጥር "አይደለም" ትላለች። መጨረሻ ላይ መኪናው፣ ራሱ የባሏ መኪና፣ ደጃፏ መጥቶ ይቆማል። እሷ ክዳኑን ልታነሳ እጇን እንደዘረጋች ትቀራለች። የሞተሩ ድምፅ የእሱ ነው፤ ማርሹን የቀየረው እጅ ግን የእሱ አይደለም። "አይደለም" ትላለች። ስክሪኑ ይጠቁራል።

በአባዬ ላይ የማሟርት እንዳይመስልሽ። እሱ በሰላም ገብቶ ያንን እራት ጠርጎ እንደበላ አልረሳሁም። ታሪኩን እንዲህ ማጣመሜ ቅር ካሰኘሽ ንገሪኝ፣ እተወዋለሁ። ከሦስታችን ሐሳብ ውስጥ የሚሻለው እኔ ያመጣሁት ነው ተብሎ የተመረጠው ባንቺ ጆሮ ነውና ያለ ፈቃድሽ አልነካውም።

ከፈቀድሽ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛው፣ ያን ሌሊት ከእኔ ቀድመሽ የሰማሽው ምን ነበር? ማርሹን ነው፣ ጡሩምባውን ነው፣ ወይስ የተሳቢው ሰንሰለት? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም፤ እኔ ግን ያቺን ድምፅ ፈልጌ ማስገባት አለብኝ።

ሁለተኛው፣ "አይደለም" የሚለውን በድምፅሽ ስጪኝ። እዚህ የምትተውንልን ሴት ጎበዝ ናት፤ ቃሉን ስትለው ግን ያዘነች ትመስላለች። አንቺ አላዘንሽም ነበር፤ ትሠሪ ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኳን ከአፍሽ ትንሽ ራቅ አድርጋ ትያዝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሲዘጋ። ሰባት ጊዜ በይው፣ በየመሃሉ መኪና እስኪያልፍ ያህል ዝም እያልሽ።

ልጅሽ