ለአዘጋጁ፦ አዲስ መምህር መዘጋጃ ጊዜ ይሰጠው

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጥራት ሲነሳ ጣታችንን ቶሎ ተማሪው ላይ እንቀስራለን። የመምህሩን የሥራ ጫና ግን እንረሳለን።

እኔ ባሕር ዳር አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ሦስት ኮርስ ተሰጠኝ። አንዱን የነገሩኝ ክፍል ልገባ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። ስላይዱን አነበብኩላቸው። አንዲት ተማሪ እጇን ስታወጣ «በኋላ» አልኳት፤ መልሱን እንዳላጣው ፈርቼ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በራስ መተማመን ከሁሉ በላይ የሚያድገው ሠርቶ በማሳካት ነው። መዘጋጃ ጊዜ ያጣ መምህር ምኑን ያሳካል? የፈራ መምህር ደግሞ ጥያቄ አይጋብዝም።

ስለዚህ ትምህርት ክፍሎች ለአዲስ መምህር በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ አይስጡት። ነባር መምህርም በወር አንዴ ክፍሉ ገብቶ ይይለት፤ ነጥብ ለመስጠት ሳይሆን በኋላ ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ።