የእድራችን አዳራሽ ክረምቱ ሳይገባ ይጠገን፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፤

አዲስ በተሠራው መንገድ በኩል ያለው የአዳራሹ ጣሪያ ወርዷል። ሰው አልተጎዳም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ድንኳኑን ግን ከጭቃ ውስጥ ነው ጎትተን ያወጣነው። ባለፈው ሐዘን ሲደርስብን ከጎረቤት እድር ድንኳን ተውሰናል። እኛ እናውስ ነበር እንጂ አንዋስም ነበር።

መንገዱን አንጠላም። አምቡላንስ ደጃችን ድረስ የሚመጣው በእሱ ነው። ችግሩ ከግቢያችን ከፍ ብሎ መሠራቱ ነው። የድሮው ቦይ ተደፍኗል፤ የአስፋልቱ ጎርፍ በበራችን ገብቶ መሠረቱ ሥር ይተኛል። ከዚያ በፊትም መንገዱ ሲሠራ ሮለሩ አፈሩን ሲጠቀጥቅ ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር። ግንበኛችን ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ለጥፎ ቀን ጻፈበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ተሰነጠቀ። ደግሞ ለጠፈ፤ ያም ተሰነጠቀ።

«ካሳ ተቀብላችሁ የለም ወይ?» የምትሉን አላችሁ። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። አዎ፣ ተቀብለናል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የንብረት ካሳ የሚከፈለው በሚለቀቀው ይዞታ ላይ ላለ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ነው። መሬቱ ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ዋጋ አይወጣለትም። አጥራችን፣ የጥበቃ ቤቱና መጸዳጃ ቤቱ የመንገዱ መስመር ውስጥ ስለገቡ ተገምተው ተከፈለን። አዳራሹ ከመስመሩ ውጭ ስለሆነ ግምት ውስጥ አልገባም። አቤቱታ አስገብተን መልስ እየጠበቅን ነው።

የካሳው ገንዘብ እነዚያኑ ሦስቱን መልሶ በመሥራት አልቋል። ደረሰኞቹ ሰሌዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ኦዲተሮቻችንም አይተዋቸዋል። ለኮሚቴ አበል የወጣ አንድ ሳንቲም የለም። ይህን የምንለው ባለፈው የጀመርነው መዋጮ መሃል ላይ የቆመው በሐሜት ጭምር ስለሆነ ነው። ደጋግመን ስንጠይቅ እንደሚሰለቻችሁ እናውቃለን። እኛም ደክሞናል።

ግን ይህን አዳራሽ በወር መዋጮና በራሳችን ትከሻ ድንጋይ ተሸክመን ነው ያቆምነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሐዘኑን የተወጣው እዚሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆች ያጠኑበታል። ምጽዋትም በሉት ሰደቃ፣ ለዚህ የሚሰጥ ነገር ፈጣሪ ዘንድ አይጠፋም።

መጀመሪያ የሚሠራው የውኃ ቦዩ ነው። ጎርፉ ሳይመለስ ቆርቆሮ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ቀጥሎ ግድግዳው በኮንክሪት ዓምድ ይደገፋል፤ ጣሪያው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ገንዘብ የሌላችሁ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ፣ አሸዋ አምጡ። ግንበኞችና አናጢዎች፣ የአንድ ቅዳሜ ጉልበት ስጡን።

ገንዘብ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ባለው የጥሪ ደብዳቤና በግቢው በር ላይ አለ። ያለ ሰብሳቢው፣ ያለ ገንዘብ ያዡና ያለ ሒሳብ ሹሙ ፊርማ አይወጣም። በቴሌብር ወደ ሒሳቡ የምታስተላልፉም የሚመጣውን ስም እዩ፤ የእድሩ ስም ካልሆነ አትላኩ። በግል ስልክ ቁጥር አስገቡ የሚላችሁ ሰው ከእኛ አይደለም። እንደገና እንላለን፦ በእድሩ ስም ባለው ሒሳብ ብቻ። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዡ ላኩ፤ ስማችሁ ሰሌዳው ላይ ካልወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጠይቁን።

የእድሩ የግንባታ ኮሚቴ